ሀክ አድርጎ ማሳየት ይቻላል፤ የማንን ሲስተም ግን?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ዘንድሮ የሳይበር ደህንነት ኮርስ ተሰጥቶኛል። ተማሪዎቼ ስለ ቫይረስ ዓይነቶች በስላይድ መስማት ሰልችቷቸዋል፤ ግማሹ ስልኩን ነው የሚነካካው። ስለዚህ በተግባር ላሳያቸው አሰብኩ። ከአጥራችን ጥግ ያለውን የካፌ ዋይፋይ፣ ካልሆነም የአንድ ፈቃደኛ ተማሪ ፌስቡክ ክፍል ውስጥ ሀክ አድርጌ። ባልደረባዬ ‹ሌባ ልታፈራ ነው› አለኝ። ዲናችን ደግሞ ካሊ ሊኑክስ የሚባለው የሀኪንግ ሲስተም በኮሌጁ ኮምፒውተር ላይ መጫኑ ብቻ ያስከስሳል ብለው ፈርተዋል። ያሉን 20 ያረጁ ዴስክቶፖች ናቸው፤ ኢንተርኔቱም ይመጣል ይሄዳል። ምን ይሻለኛል?»

የካፌውን ዋይፋይ ይተዉት። የተማሪውንም ፌስቡክ ይተዉት። በተግባር የማስተማሩን ሐሳብ ግን አይተዉት። ሐሳቡ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ዒላማው ነው።

ሕጉን አስቀድመን እንጨርሰው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ዋና ጥያቄው «ፈቃድ ነበረህ ወይ?» የሚል ነው። ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ፣ ሆን ብሎ የሰው ኮምፒውተር፣ ዳታ ወይም ኔትወርክ ውስጥ የገባ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ወይም ሁለቱም ሊፈረድበት ይችላል። የተነካው የግለሰብ ሳይሆን የድርጅት ሲስተም ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ካፌው እዚህ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አንቀጽ 4 ደግሞ የሰውን ግንኙነት መጥለፍ ለብቻው ወንጀል ያደርገዋል። «ለትምህርት ነው ያደረግኩት» ማለት ሰው እንዲያዝንልዎት ያደርግ ይሆናል እንጂ ፈቃድ አይሆንም።

«ተማሪው ራሱ ፈቅዶልኛል» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ተማሪው የአካውንቱ ባለቤት ነው፤ የፌስቡክ ሰርቨር ባለቤት ግን አይደለም። በዚያ ላይ ኢንቦክሱ ውስጥ ያለው የእሱ መልእክት ብቻ አይደለም። የእህቱ አለ፣ የጓደኛው አለ፣ የፍቅረኛው አለ። እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም። ፕሮጀክተር ላይ ሲወጣ ክፍሉ በሙሉ ያነበዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ አንድ የትምህርት ተቋም እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እጁን ቢያስገባ የሚጠየቀው መምህሩ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ዲኑ ግን አላግባብ ነው የፈሩት። ካሊ ሊኑክስ የደህንነት መፈተሻ መሣሪያዎች የተሰበሰቡበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ውስጡ ካሉት ብዙዎቹን፣ ለምሳሌ በኔትወርክ የሚያልፈውን የሚያሳየውን ዋየርሻርክንና ኔትወርክ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮችን የሚያስሰውን ኤንማፕን፣ የባንክና የቴሌኮም ኔትወርክ ባለሙያዎች ለዕለት ሥራቸው ይጠቀሙባቸዋል። አዋጁ በአንቀጽ 7 የሚያነጣጥረው ለወንጀል ተብለው የተሠሩ ፕሮግራሞችን ማሰራጨት ላይ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ወይም የሰው ስልክ መሰለያ ሶፍትዌር በፍላሽ ይዘው ክፍል እንዳይገቡ። «ላሳያችሁ» ብለው ለተማሪ ኮፒ እንዳያደርጉ። ከዚህ በተረፈ ካሊን መጫን ወንጀል አይደለም፤ ወዴት አዞሩት የሚለው ነው ጥያቄው። የኮሌጁ የሕግ ክፍል ከአንቀጽ 3 እስከ 7 ያለውን አንብቦ አስተያየቱን በጽሑፍ ቢሰጥ ለእርስዎም ለዲኑም እንቅልፍ ይሆናል።

የባልደረባዎን ስጋት በቀላሉ አላጣጥለውም። ግማሹ እውነት ነው። ፌስቡክ እንዴት እንደሚከፈት ማወቅ የሚፈልግ ልጅ እርስዎን አይጠብቅም። ዩቲዩብ አለ፣ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። እዚያ የማያገኘው ገደቡን፣ መዘዙንና መጠገኛውን ነው። መምህሩ እነዚህን ሦስቱን ትቶ ሰብሮ ብቻ አሳይቶ፣ ተጨብጭቦለት ከወጣ ግን ባልደረባዎ ልክ ናቸው። እኔም ሙያዬን የነገርኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የሰው ቴሌግራም መክፈት ትችላለህ?» ብሎ ነው። ሰው ሀኪንግን የሚያውቀው በዚህ በኩል ስለሆነ፣ ተማሪዎችዎም ይዘውት የሚመጡት ይህንኑ ነው። ያንን መቀየር የኮርሱ ግማሽ ሥራ ነው።

ኮምፒውተር ሳይከፈት በፊት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በአንድ ታሪክ ላይ አከራክሯቸው። መጋቢት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ተዛብቶ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ወሬው በሌሊት በየዩኒቨርሲቲው ተዳረሰ፤ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። በባንኩ መግለጫ መሠረት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቷል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረም አስታውቋል። ማለትም እነዚያ ተማሪዎች አንድ መስመር ኮድ አልጻፉም። ካርድ ነው ያስገቡት። ከዚያ ግን ብሩን መልሱ ተባሉ፤ አልመለሱም የተባሉ ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ። ለክፍልዎ የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ክፍተቱን መጀመሪያ ያየው ልጅ በዚያች ደቂቃ ምን ማድረግ ነበረበት? ለማን መደወል ነበረበት? ማስረጃውንስ እንዴት ይያዝ? ክርክሩ ይጦፋል። ይጡፍ።

ክፉ ሐሳብ ለሌለው ተማሪ ደግሞ የሮበርት ሞሪስ ታሪክ ይስማማዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሞሪስ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ለማጥፋት አልነበረም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ራሱን የሚያባዛበት ስሌት ላይ ስህተት ስለነበረ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ተንቀርፍፈው ቆሙ። በ1990 ጥፋተኛ ተብሎ የ3 ዓመት አመክሮ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር ተፈረደበት። ኋላ ላይ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆኗል፤ ስለዚህ ሕይወቱ አልጠፋም። ያው ሙከራ በተዘጋ ላብ ውስጥ ቢደረግ ኖሮ ግን ዛሬ ስሙን የሚያነሳው አልነበረም።

አሁን ወደ ማስተማሩ ልምጣ፤ ከሕጉ ይልቅ ብዙ መምህር የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ማሳያ በራሱ አያስተምርም። የሀርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙርና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህንኑ ፈትሸዋል። የክፍል ውስጥ ሙከራን ቁጭ ብለው ያዩ ተማሪዎች ጭራሽ ካላዩት የተሻለ አልገባቸውም። ከማየታቸው በፊት «ምን ይሆናል?» ተብለው የገመቱት ግን ይበልጥ ተረዱት። ጥናቱ ስለ ፊዚክስ ነው። በሀኪንግ ማሳያ ደግሞ ነገሩ የሚብስ ይመስለኛል። ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ይንጋጋል፣ መምህሩ «ይኸው ገባሁ» ይላል፣ ተማሪው ዋው ይላል። ምን እንደተደረገ የገባው የለም። አስማት ነው ያየው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ማሳያ አራት ነገር ይኑረው። ኢንተር ከመጫንዎ በፊት ተማሪው ግምቱን ወረቀት ላይ ይጻፍ። ቀጥሎ ጥቃቱ ይደረግ፤ ቢቻል በተማሪው በራሱ እጅ። ከዚያ ጥቃቱ ምን ዱካ እንደተወ ሎግ ውስጥ፣ ማለትም ሲስተሙ የተደረገውን በሚመዘግብበት ፋይል ውስጥ ይፈለግ። መጨረሻ ላይ ክፍተቱ ይደፈንና ያው ጥቃት እንደገና ይሞከር። ሲከሽፍ በዓይናቸው ይዩት። የመጨረሻው እርምጃ ለሌላ ቀን ካደረ ያ ቀን አይመጣም። ሰዓት የማይበቃ ከመሰለዎት ሦስት ጥቃት ከማሳየት አንዱን እስከ ጥገናው ይጨርሱ።

ላቡን በተመለከተ 20 አሮጌ ኮምፒውተር ከበቂ በላይ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው በየማሽኑ ላይ ካሊ እጭናለሁ ሲል ነው። ካሊን በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ሶፍትዌር ለማስኬድ 2 ጊጋባይት ራም ለእሱ ብቻ መስጠት አለብዎት። 4 ጊጋ ያለው ዴስክቶፕ ዊንዶውስንም ካሊንም ተሸክሞ ያቃስታል። ይልቅ ከመካከላቸው ሻል ያለውን አንዱን ሰርቨር ያድርጉት። ዛምፕን ጫኑበት፤ ዌብሳይት ለማስኬድ የሚያስፈልጉት አፓቼ፣ ፒኤችፒና ዳታቤዝ በውስጡ አሉት። በላዩ ላይ ዲቪዋ የሚባለውን ሆን ተብሎ በክፍተት የተሞላ የልምምድ ዌብሳይት ያስቀምጡ። ነፃ ነው፤ መጠኑም ጥቂት ሜጋባይት ነው። የቀሩት 19 ኮምፒውተሮች ብራውዘር ብቻ ይበቃቸዋል። የትኛውም አሮጌ ማሽን ብራውዘር ይከፍታል።

ሁሉንም በአንድ ስዊች ያገናኙና ስዊቹን ከኮሌጁ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ይንቀሉት። ፋየርዎል ላይ ሕግ ከመጻፍ ገመድ መንቀል ይሻላል። ክፍል ከመጀመሩ በፊት ከአንድ ተማሪ ኮምፒውተር ላይ ጉግልን ለመክፈት ይሞክሩ። ከተከፈተ የቀረ መንገድ አለ ማለት ነው፤ እስኪገኝ ድረስ ትምህርቱ አይጀመር። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዩኤስቢ ላይ ተሰክቶ ኢንተርኔት የሚያጋራ የተማሪ ስልክ ነው።

በኋላ ቨርቹዋል ማሽን ሲጨምሩ ደግሞ፣ ለምሳሌ ሆን ተብሎ በክፍተት የተሞላውን የልምምድ ማሽን ሜታስፕሎይተብል 2ን፣ የቨርቹዋልቦክስ (የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃው) ኔትወርኩን «ሆስት ኦንሊ» ወይም «ኢንተርናል» ላይ ያድርጉት። «ብሪጅድ» ላይ በጭራሽ። ብሪጅድ ማለት ያ በቀዳዳ የተሞላ ማሽን የኮሌጁ ኔትወርክ ላይ እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ይታያል ማለት ነው። ስናፕሾት፣ ማለትም ማሽኑ ደህና ሳለ የነበረበትን ሁኔታ ቅጂ መያዝም አይርሱ። ተማሪ ያበላሸውን፣ መብራት ሲጠፋም የተበላሸውን በአንድ ክሊክ ይመልስልዎታል።

ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል ላሉት፦ የሚያስፈልገው ሁሉ አንዴ ወርዶ በፍላሽ የሚዞር ነው። የካሊ የቨርቹዋል ማሽን ፋይል 3 ጊጋ አካባቢ ነው፣ ሜታስፕሎይተብል 2 ደግሞ 1 ጊጋ አይሞላም። ከየባለቤቶቹ ኦፊሴላዊ ገጽ ብቻ ያውርዱ። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ «ፉል ሀኪንግ ቱልስ» ራሱ ቫይረስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሀክ ማድረግ ሊማር የሄደው ልጅ መጀመሪያ የሚጠቃው እንዲህ ነው። ያወረዱትን ፋይል የሻ-256 ቁጥር (ፋይሉ ከተነካ የሚለወጥ እንደ አሻራ ያለ ቁጥር) ገጹ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ፤ ተማሪዎቹ እያዩ። እንደውም ከዚሁ አንድ ትምህርት ይወጣል። በ2011 እ.ኤ.አ. ቪኤስኤፍቲፒዲ የሚባለው የታወቀ የፋይል ሰርቨር 2.3.4 ቅጂ በማውረጃ ቦታው ላይ ተበርዞ ተገኝቶ ነበር። የተጠቃሚ ስም መጨረሻ ላይ የፈገግታ ምልክት፣ ማለትም ሁለት ነጥብና ቅንፍ ላስገባ ሰው 6200 ቁጥር ፖርት ላይ በር ይከፍታል። የፋይሉን ዲጂታል ፊርማ ያመሳከረ ሰው ብቻ ነበር የሚነቃበት። ሜታስፕሎይተብል 2 ውስጥ ይሄው የተበረዘ ቅጂ ተቀምጧል፤ ተማሪዎች በጣም ይወዱታል።

የመጀመሪያው ማሳያ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ይሁን፤ ገጹ ላይ በሚሞላ ጽሑፍ በኩል ለዳታቤዙ ትእዛዝ ማስገባት ማለት ነው። ብራውዘር ብቻ ይበቃዋል፣ ጥገናውም በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። የዲቪዋን የደህንነት ደረጃ «ሎው» ላይ ያድርጉት። ገጹ የተጠቃሚ ቁጥር ይጠይቃል። 1 ሲያስገቡ የአንድ ሰው ስም ይመጣል። አሁን ከቁጥሩ ይልቅ ነጠላ የጥቅስ ምልክት ብቻ ቢያስገቡ ምን ይሆናል? ይገምቱ፤ ይጻፉ። ያስገቡት፦ የዳታቤዝ ስህተት ይመጣል። ይህች ስህተት ናት ቁልፏ፤ እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ገጹ የሰውን ጽሑፍና የራሱን ትእዛዝ መለየት አልቻለም ማለት ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ያስቡ። «ስምህ ማነው?» ሲል ባለጉዳዩ «አበበ፤ የመዝገብ ቤቱም ሰነድ ሁሉ ይሰጠው» ቢለው፣ ሳያስብ እንዳለ ጽፎ ያስገባል። መዝገብ ቤቱም ያነበበውን ይፈጽማል። ዳታቤዙም እንዲሁ ነው። ከጥቅሱ በኋላ «ወይም ሁልጊዜ እውነት የሆነ ነገር» የሚል ሁኔታ ሲጨመርበት ሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት አምስቱም ተጠቃሚዎች ይዘረገፋሉ።

ጭብጨባው እዚህ ላይ ይመጣል። ይሁን። ቀጥለው የአፓቼውን የአክሰስ ሎግ ይክፈቱ። ተማሪው የጻፈው ሁሉ እዚያ አለ፤ ጥቅሱም የፐርሰንት ምልክትና 27 ቁጥር ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ ሰዓቱና የኮምፒውተሩ አድራሻ አጠገቡ አለ። «የትኛው ኮምፒውተር ነው ይህን የጻፈው?» ብለው ይጠይቁ። ፊታቸው ሲለወጥ ያያሉ። እንደ ስብከት ሳይሆን እንደ እውነታ «ዱካ ይቀራል» የሚለውን የሚረዱት ያን ጊዜ ነው።

ለጥገናው ዲቪዋ አንድ ግሩም ነገር አለው። በየገጹ ላይ የኮዱን ምንጭ የሚያሳይ ቁልፍ አለ። ከሎው ጀምሮ «ኢምፖሲብል» እስከሚባለው ድረስ አራት ደረጃዎችን ጎን ለጎን ማስተያየት ይቻላል። ሎው ላይ የተጠቃሚው ጽሑፍ ቀጥታ ከትእዛዙ ጋር ይሰፋል። ኢምፖሲብል ላይ ግን ትእዛዙ አስቀድሞ ይዘጋጅና ጽሑፉ በኋላ እንደ ዳታ ብቻ ይገባል። ልዩነቱ ጥቂት መስመር ነው። ተማሪዎቹ የሎውን ኮድ በራሳቸው እጅ ያስተካክሉ፣ ያው ጥቅስ እንደገና ይግባ። ብዙዎች «ጥቅሱን አጠፋዋለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ይሞክሩት፤ ከዚያ «ሚዲየም» ደረጃን ያሳዩዋቸው። ምልክት ማጣራት ለምን እንደማይበቃ በዚያ ይታያል።

ሁለተኛው ማሳያ ከመጀመሪያው ይወለዳል። ዳታቤዙ ውስጥ የተገኙት የይለፍ ቃሎች በኤምዲ5 የተፈጩ ናቸው፤ ማለትም ቃሉ ወደማይነበብ የፊደልና የቁጥር ድርድር ተለውጧል። ሮክዩ ከተባለው ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ከ32 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃሎች ወጥተው ነበር፤ ከዚያ የተሠራው ዝርዝር ካሊ ውስጥ አለ። በእሱ ሲሞከሩ የዲቪዋ ቃሎች በሰከንዶች ይገኛሉ። ያንኑ ቃል ሆን ተብሎ ዘገምተኛ በተደረገው በቢክሪፕት ፈጭተው ይሞክሩት፤ ሙከራው ይንቀረፈፋል። ይሁንና «ፓስወርድ» የሚለው ቃል በቢክሪፕትም ቢሆን ይገኛል፤ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ነዋ። አንድ ጥብቅ ነገር፦ ተማሪዎች እውነተኛ የይለፍ ቃላቸውን እንዳያስገቡ። «የማን ይበልጣል?» የሚል ጨዋታ ከጀመሩ ያስገባሉ። እርስዎ ያዘጋጁት ዝርዝር ይኑር፤ የሰው ስም ከ1234 ጋር፣ ስልክ ቁጥር፣ የትውልድ ዓመት። ራሳቸውን ያገኙበታል።

በዋየርሻርክ ኔትወርክ ማየትም ጥሩ ነው፤ በራስዎ ስዊች ላይ ብቻ። ዲቪዋ ያለ ምስጠራ ስለሚሠራ፣ ሰርቨሩ ላይ ሆነው ሲያዩ የይለፍ ቃሉ ግልጥ ብሎ ይነበባል። እግረ መንገድዎን አንድ የቆየ አባባል ያርሙ። «ካፌ ዋይፋይ ላይ የምትጽፈው ሁሉ ይታያል» የሚለው ግንኙነትን የሚመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስ ከተስፋፋ ወዲህ እንደ ድሮው እውነት አይደለም። የጎበኙት ሳይት ስም አብዛኛውን ጊዜ ይታያል፤ የጻፉት መልእክት ግን አይታይም። ማስፈራራት ቀላል ነው። የተጋነነ ማስፈራሪያ የሰማ ተማሪ ግን እውነተኛውንም አያምንም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማሳያ ምንም ነገር የማይሰበርበት ነው። ሁለት የራስዎን ስልኮች ይያዙ። አንዱ ላይ ለክፍል ብለው በራስዎ ሲም የከፈቱት ባዶ የቴሌግራም አካውንት ይኑር። በሁለተኛው ስልክ በዚያው ቁጥር ለመግባት ይሞክሩ። የመጀመሪያው ላይ የማረጋገጫ ኮድ ይመጣል። አንድ ተማሪ እንደ አጭበርባሪ «ለውድድር ድምፅ ስጡኝ፣ የመጣልዎትን ቁጥር ላኩልኝ» ይበል፤ እርስዎም ይንገሩት። አካውንቱ ሁለተኛው ስልክ ላይ ይከፈታል። አለቀ። ኮድ አልተጻፈም፣ ፓስወርድ አልተሰበረም። ቀጥሎ «ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ» የሚለውን ያብሩና ድገሙት። ኮዱ ብቻ አልበቃም። ከዚያ የገቡ መሣሪያዎችን ዝርዝር ከፍተው የማታውቁትን እንዴት እንደሚያስወጡ ያሳዩ። ተማሪዎቹ ማታ ቤት ሄደው የእናታቸውን ቴሌግራም ያስተካክላሉ። የቴሌብርን ሚስጥር ቁጥር በስልክ የሚጠይቅ ደዋይ የሚሠራውም በዚሁ ስልት ነው። ይህን ማሳያ ግን የኮሌጁ ሠራተኞች ላይ በስውር እንዳይሞክሩት። የማስመሰል ፈተና የሚደረገው ኃላፊው በጽሑፍ ሲያዝና የወደቀው ሰው እንደማይዋረድ ሲረጋገጥ ነው።

ዋይፋይ የግድ ካሉ አሮጌ ራውተር ይፈልጉ፣ ከኢንተርኔት ይነጠል፣ የራስዎ ይሁን። ያም ሆኖ በዚህ ሴሚስተር ባይገቡበት እመርጣለሁ። ልዩ አዳፕተር ይፈልጋል፤ ሲግናሉም በግድግዳ አይቆምም። መሣሪያዎችን ከራውተራቸው የሚያስወጣውን ጥቃት ሲያሳዩ ቢሮ ያለው ሰው ኔትወርኩ ይቆረጥበታል።

ከዚህ ሁሉ ምን አይጠበቅ? ባለሙያ አይወጣም። ኔትወርክ፣ ሊኑክስና ትንሽ ፕሮግራሚንግ ያልያዘ ተማሪ መሣሪያ መጫን ብቻ ነው የሚማረው። የላብ ማሽኖች እንዲሰበሩ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ሜታስፕሎይተብል 2 የ2012 እ.ኤ.አ. ነው። እውነተኛ የፍተሻ ሥራ አብዛኛው ንባብና ሪፖርት መጻፍ ነው። ይህን ካልነገሯቸው ሁሉም ሲስተም በሦስት ደቂቃ የሚከፈት ይመስላቸዋል። ከክፍሉ መሀል ሁለት ሦስት ልጆች ላቡ ይጠባቸዋል። ለእነሱ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው የሀኪንግ ውድድርና ልምምድ ሳይት ፒኮሲቲኤፍ አለ፣ ነፃ ነው። ኦቨርዘዋየር የሚባል የልምምድ ሳይት ላይ ያለው «ባንዲት» ጽሑፍ ብቻ ስለሚልክ በደካማ ኢንተርኔትም ይሠራል። የፖርትስዊገር የዌብ ደህንነት አካዳሚም በነፃ ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ፣ ለወጣቶች የሚያካሂደውን የሳይበር ታለንት ሥልጠናም ይከታተሉላቸው።

እነዚሁ ልጆች አንድ ቀን የኮሌጁ ሬጅስትራር ሳይት ላይ ክፍተት አገኘን ብለው መምጣታቸው አይቀርም። ከአሁኑ መመሪያ ይስጧቸው። ሳይፈቀድ መፈለግ ራሱ አይገባም። ሳይፈልጉ ካጋጠማቸው ደግሞ እዚያው ያቁሙ፣ ዳታ አያውርዱ፣ ለጓደኛ አይላኩ። ያዩትን ጽፈው ለእርስዎ፣ እርስዎ ለሲስተሙ ባለቤት፤ ጉዳዩ ከባድ ከሆነ በኢንሳ ሥር ላለው የሳይበር አደጋ ምላሽ ሰጪ ቡድን፣ ኢትዮ-ሰርት። ሪፖርት ያደረገን ተማሪ የሚቀጣ ኮሌጅ ሁለተኛ ሪፖርት አያገኝም፤ ይህን ለዲኑ ይንገሩልኝ።

የምመክርዎት እንግዲህ ይሄ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ገጽ የፈቃድ ሰነድ ይጻፉ። የትኞቹ ኮምፒውተሮች፣ የትኛው የኔትወርክ አድራሻ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ እነማን፣ ምን ምን ክልክል እንደሆነ ይዘርዘር። ዲኑ ይፈርሙ፣ እርስዎ ይፈርሙ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ይፈርም። ፊርማው ሳያልቅ አንድም ማሽን አይከፈት። በሚቀጥለው ሳምንት የንግድ ባንኩ ክርክር፣ ከዚያ ዲቪዋና ጥቅሷ። ሴሚስተሩን በአራት ማሳያ ይጨርሱ፤ አይጨምሩ። ፈተናውም የተግባር ይሁን፦ ክፍተት ያለበት አንድ ገጽና ሎጉን ይስጧቸው። ከ50 ነጥብ 10ሩን ለመስበሩ፣ 15ቱን ሎጉን አንብቦ ምን እንደተደረገ ለሚጽፍ፣ 25ቱን ኮዱን ለሚያስተካክል ይያዙ። ይህን ክፍፍል በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፤ ተማሪ የሚያጠናው ነጥብ ያለበትን ነው።